አፈር እንዴት ይመደባል? እንዴትስ ይፈተሻል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሳይት፣ ከላብራቶሪና ከዲዛይን ክፍል ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ ከበደው እንሄዳለን።

መሐንዲስ «አፈር» የሚለው ከገበሬው አፈር ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ገበሬው የሚፈልገው ሥር የሚሰድበትን የላይኛውን ለም ንብርብር ነው። መሐንዲሱ ግን ገና ሥራ ሳይጀመር ያንን ንብርብር አስጠርጎ ያስወግደዋል፤ በውስጡ ያለው ብስባሽ ጊዜ በሄደ ቁጥር እየመነመነ የተጫነበትን ያሰምጣልና። በግንባታ ሥራ አፈር የሚባለው ያለ ፈንጂ የሚቆፈር፣ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ያልተጣበቁ ወይም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው በእጅ ሲታሹ የሚላቀቁ ማንኛውም የመሬት ቁስ ነው።

ውስጡ ጠጣር ቅንጣት፣ ውሃና አየር አለ። የሦስቱ ድርሻ በዝናብ፣ በጭነት፣ በቁፋሮ ይለዋወጣል፤ የአፈሩም ጠባይ አብሮ ይለዋወጣል። ብረት በሚፈለገው የጥራት ደረጃ ታዝዞ ይመጣል። አፈር የሚገኘው እንዳለ ስለሆነ ከስሌት በፊት ማንነቱን ማወቅ ግድ ይላል።

ጠጠር፣ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ በምን ይለያሉ?

የመጀመሪያው መለያ መጠን ነው። በሰፊው በሚሠራበት የአሜሪካ መመዘኛ ከ75 እስከ 4.75 ሚሊ ሜትር ያለው ጠጠር፣ ከ4.75 እስከ 0.075 ሚሊ ሜትር ያለው አሸዋ ይባላል። ከ0.075 በታች ያለው ሁሉ በጥቅሉ «ደቃቅ» ነው፤ ደለልና ሸክላ የሚገኙት እዚህ ውስጥ ነው። የአውሮፓው መመዘኛ የጠጠርና የአሸዋን ድንበር 2 ሚሊ ሜትር፣ የአሸዋና የደለልን ደግሞ 0.063 ሚሊ ሜትር ላይ ያሰምራል። ሁለት ሪፖርቶችን ከማወዳደር በፊት የትኛው መመዘኛ እንደተሠራበት ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ደለልንና ሸክላን ግን መጠን ብቻ አይለያቸውም። ደለል በአብዛኛው የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ በባሕርይው ከአሸዋ ጋር ዘመድ ነው። ሸክላ ድንጋይ በኬሚካል ሂደት ፈርሶ የተፈጠረ ሌላ ማዕድን ነው። ቅንጣቱ እንደ ቅጠል ስስ ነው፤ ገጹ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ውሃን ስቦ ይይዛል። ካኦሊናይትና ሞንትሞሪሎናይት ከሚባሉት የሸክላ ማዕድናት የ1 ግራም ካኦሊናይት የገጽ ስፋት ከ10 እስከ 20 ካሬ ሜትር ሲሆን የ1 ግራም ሞንትሞሪሎናይት ወደ 800 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ሸክላ ሲያብጥ፣ ሲሰነጠቅ፣ እግር ሲያሟልጭ የምናየው የዚህ ገጽ ሥራ ነው።

ላብራቶሪ ሳይሄድ አፈሩን በእጅ መለየት ይቻላል?

ይቻላል። እጁ የለመደ ቴክኒሻን ቆይቶ ከሚመጣው የላብራቶሪ ውጤት ብዙም አይርቅም። ጠጠርና አብዛኛው አሸዋ በዓይን ይታያሉ፤ ጣጣው ያለው ከዚያ በታች ነው።

ጭብጥ ከማይሞላ አፈር ጋር ትንሽ ውሃ ለውሰው መዳፍዎ ላይ ዘርጋ ያድርጉት፤ ከዚያ የመዳፉን ጎን በሌላው እጅ መታ መታ ያድርጉ። ገጹ ወዲያው በውሃ ካብረቀረቀ፣ መዳፍዎን ሲጨብጡም ብርቅርቅታው ጠፍቶ ጠንከር ካለ፣ የያዙት ደለል ወይም ደቃቅ አሸዋ ነው። ሸክላ ከሆነ ቢመቱት ቢመቱት ገጹ አይለወጥም። ቀጥሎ የደረቀ ጓል ያንሱ፦ የደለል ጓል በጣት ሲጫኑት ዱቄት ይሆናል፣ የወፍራም ሸክላ ጓል ግን ጣት አይበግረውም። ሦስተኛው ለስለስ ያለውን አፈር እንደ ክር ማንከባለል ነው፤ ሸክላ ቀጥኖ ሳይበጠስ ይቆያል፣ ደለል ገና ወፍራም ሳለ ይቆራረጣል።

ሲጨርሱ እጅ መታጠብም ራሱ ፈተና ነው። ደለል ውሃ ሲያፈሱበት ታጥቦ ይሄዳል፤ ሸክላ ካልፈተጉት አይለቅም። የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት ጠቆር ያለ አፈር ካጋጠመ ደግሞ የዕፅዋት ቅሪት አለበት ብሎ መዝግቦ ማለፍ ነው፤ ሽታው ሲደርቅ ስለሚጠፋ ላብራቶሪው ላይደርስበት ይችላል።

የወንፊት ምርመራ ምን ይነግረናል? ለምንስ ታጥቦ ይነፋል?

ከላይ ሰፊው፣ ከታች ጠባቡ ሆነው በተደራረቡ ወንፊቶች አፈሩ ይነፋና በየወንፊቱ ላይ የቀረው ይመዘናል። ውጤቱ ከየመጠኑ ምን ያህል እንዳለ የሚያሳይ ኩርባ ነው። አስቀድሞ በ0.075 ወንፊት ላይ መታጠቡ የግድ ነው፤ ሲደርቅ ሸክላው በአሸዋው ላይ ተለጥፎ ስለሚቀር ሳይታጠብ የተነፋ ሸክላማ አሸዋ በወረቀት ላይ ንጹሕ አሸዋ መስሎ ይወጣል። ውሃ ለመቆጠብ ሲባል ይህ ደረጃ የሚዘለልበት ቦታ አለ፤ እንዲህ ያለ ውጤት ባይኖር ይሻላል።

ከኩርባው ሦስት ቁጥሮች ይነበባሉ፦ በክብደት 10፣ 30 እና 60 በመቶው የሚያልፍባቸው መጠኖች። የ60ው ለ10ሩ ሲካፈል የስርጭት መጠን ይሰጣል፤ ለአሸዋ 6 እና ከዚያ በላይ፣ ለጠጠር 4 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ይህ ብቻውን ግን ያታልላል። የ10ሩ 0.2፣ የ30ው 0.6፣ የ60ው 2.4 ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ እንውሰድ። 2.4 ለ0.2 ሲካፈል 12 ነው፤ ግሩም ይመስላል። የ30ው ካሬ ለ10ሩና ለ60ው ብዜት ሲካፈል ግን 0.75 ይመጣል፤ መሆን የነበረበት ከ1 እስከ 3 ነው። መሃል ላይ የጎደለ መጠን አለ ማለት ስለሆነ አሸዋው በደንብ የተሰባጠረ አይባልም።

ከ0.075 በታች ያለው በወንፊት ካልተለየ በምን ይለያል?

በመስመጥ ፍጥነቱ። አፈሩ ቅንጣቶቹ እንዳይጓጎሉ ሶዲየም ሄክሳሜታፎስፌት ያለበት ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ ረጅም ሲሊንደር ውስጥ ይቆማል፤ ከዚያ ሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍግታ መለኪያ) በተወሰኑ ሰዓቶች ይነበባል። ትልቁ ቅንጣት ቶሎ ይወርዳል፣ ትንሹ ይዘገያል። በስቶክስ ሕግ ሲሰላ 0.075 ሚሊ ሜትር የሆነው ቅንጣት 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 20 ሴኮንድ ገደማ ሲበቃው፣ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነው ወደ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ሕጉ ቅንጣቱን ድቡልቡል አድርጎ ነው የሚያስበው። ሸክላ ደግሞ ስስ ዝርግ ነው፤ ስለዚህ የሚገኘው መጠን ግምታዊ ነው።

የእርጥበት መጠን ከ100 በመቶ በላይ ወጣ። ስህተት ነው?

ላይሆን ይችላል። እርጥበት የሚሰላው ውሃው ለደረቀው አፈር ተካፍሎ ነው፤ ለጠቅላላው ክብደት አይካፈልም። ቆርቆሮው 18.4፣ ከእርጥቡ አፈር ጋር 58.4፣ ከደረቀ በኋላ 48.4 ግራም ቢመዝን፣ ውሃው 10፣ ደረቁ አፈር 30 ግራም ነው፤ እርጥበቱም 33.3 በመቶ። ውሃው ከጠጣሩ ከበለጠ ቁጥሩ ከ100 ያልፋል። ለስላሳ የባሕር ሸክላ ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ከዕፅዋት ቅሪት በተሠራ አተላ መሰል አፈር ላይ ብዙ መቶ ሊደርስ ይችላል።

ኦቨኑ የሚሞቀው 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ 5 ዲግሪ ወዲህ ወዲያ። ጂፕሰም ወይም ብዙ የዕፅዋት ቅሪት ያለበት አፈር ግን በ60 ዲግሪ ይደርቃል። አለበለዚያ በማዕድኑ ውስጥ የታሰረው ውሃ ይወጣል፣ ቅሪቱም ይቃጠላል፤ ያ ሁሉ እንደ እርጥበት ይቆጠራል።

ሊኩዊድ ሊሚትና ፕላስቲክ ሊሚት ምንድን ናቸው? እንዴትስ ይለካሉ?

ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ በ1911 ያስተዋለው ነገር ቀላል ነው፦ ደቃቅ አፈር ውሃ በጨመረ ቁጥር ከደረቅ ጓል ወደሚሠራ ሊጥ፣ ከዚያም ወደሚፈስ ጭቃ ያልፋል፤ የሚያልፍባቸው የእርጥበት መጠኖች ደግሞ ከአፈር አፈር ይለያያሉ። ፈሳሽ መሆን የሚጀምርበት ሊኩዊድ ሊሚት፣ መቦካት አቅቶት መቆራረስ የሚጀምርበት ፕላስቲክ ሊሚት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ይባላል። ሦስቱም የሚለኩት በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ባለፈው አፈር ላይ ነው።

የሊኩዊድ ሊሚት መለኪያ መሣሪያውን በ1932 ያስተካከለው መሐንዲሱ አርተር ካሳግራንዴ ነው። ጭቃው በናስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተለስኖ መሃሉ በመቅረጫ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ሳህኑ ከ10 ሚሊ ሜትር ከፍታ በሴኮንድ 2 ጊዜ ይወድቃል። ስንጥቁ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት በ25 ምት ሲዘጋ ያለው እርጥበት ሊኩዊድ ሊሚት ነው። በትክክል 25 ላይ ማግኘት ስለማይታሰብ፣ ከ25 በላይና በታች የሆኑ ጥቂት ሙከራዎች ተሠርተው ውጤቶቻቸውን ከሚያገናኘው መስመር ላይ ይነበባል። የሳህኑ አወዳደቅ ግን ይስተዋል፦ ማያያዣው ሲበላ ከፍታው ይለወጣል፣ ውጤቱም ማንም ሳያውቅ ይንሸራተታል። የእንግሊዞቹ ዘዴ ከዚህ ይገላግላል፤ 80 ግራም የሚመዝን ሾጣጣ ለ5 ሴኮንድ ይለቀቅና 20 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥበት እርጥበት ይወሰዳል።

የፕላስቲክ ሊሚት መሣሪያ መዳፍና መስታወት ነው። አፈሩ በመስታወት ላይ እየተንከባለለ ክር ይሆናል፤ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቆራረስ ከጀመረ ያን ጊዜ ያለው እርጥበት ይለካል። ሳይቆራረስ ከቀጠነ ተድቦልቡሎ እንደገና ይንከባለላል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ፈተና መኖሩ ለተማሪዎች ያስቃል። ሆኖም በጥንቃቄ ከተሠራ የሚሰጠው መረጃ ከብዙ ውድ ማሽን ይልቃል።

ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ከፍ ያለ አፈር መጥፎ ነው ማለት ነው?

የሚሠራበት ጉዳይ ይወስነዋል። ለመንገድ ወይም ለቤት መሠረት ከፍተኛ ኢንዴክስ የማበጥና የመሸማቀቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ በክረምት አብጦ የሚዘጋው በዚሁ ባሕርይው ነው። ለግድብ እምብርት ወይም ለቆሻሻ መድፊያ ንጣፍ ግን ውሃ የማያሳልፍና ሳይሰነጠቅ የሚለጠጥ ሸክላ ተፈልጎ የማይገኝ ነው።

ቁጥሩን ብቻውን ከማየት ይልቅ ከሸክላው ድርሻ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። እንግሊዛዊው የአፈር መሐንዲስ ስኬምፕተን በ1953 ያቀረበው «አክቲቪቲ» ኢንዴክሱን ከ0.002 ሚሊ ሜትር በታች ባለው በመቶኛ ያካፍላል። ከ0.75 በታች ሰነፍ፣ ከ1.25 በላይ ንቁ ነው። ኢንዴክሳቸው 30 የሆኑ ሁለት አፈሮች፣ አንዱ 60 በመቶ ሸክላ፣ ሌላው 20 በመቶ ብቻ ቢኖረው፣ የመጀመሪያው 0.5፣ ሁለተኛው 1.5 ይሆናል። እኔ ሁለተኛውን ነው የምፈራው፤ ሸክላው ጥቂት ቢሆንም ዓይነቱ የሚያብጥ ሊሆን ይችላል።

ሲኤች፣ ኤምኤል፣ ጂደብሊው የሚሉት ምልክቶች ምን ይላሉ?

የዩኒፋይድ ምደባ ስሞች ናቸው። ካሳግራንዴ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች ያዘጋጀው ሥርዓት በ1952 ተሻሽሎ ነው ይህን ስም ያገኘው። የመጀመሪያው ፊደል ዋናውን ክፍል ይናገራል፦ ጂ ጠጠር፣ ኤስ አሸዋ፣ ኤም ደለል፣ ሲ ሸክላ፣ ኦ የዕፅዋት ቅሪት ያለበት። ሁለተኛው ጠባዩን ይናገራል፦ ለጠጠርና ለአሸዋ ደብሊው በደንብ የተሰባጠረ፣ ፒ ያልተሰባጠረ፤ ለደቃቆቹ ኤል ሊኩዊድ ሊሚቱ ከ50 በታች፣ ኤች ከዚያ በላይ የሆነ።

ግማሽና ከዚያ በላይ ክብደቱ በ0.075 ካለፈ አፈሩ ደቃቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠኑን ማንም አይጠይቅም፣ የሚታየው ከውሃ ጋር ያለው ጠባይ ነው። ፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ ከ«ኤ መስመር» በላይ ከዋለ ሸክላ፣ በታች ከዋለ ደለል ይባላል። መስመሩ 0.73 × (ሊኩዊድ ሊሚት − 20) ነው። ሊኩዊድ ሊሚቱ 68፣ ፕላስቲክ ሊሚቱ 28 የሆነ አፈር ኢንዴክሱ 40 ነው፤ መስመሩ በ68 ላይ 35 ያህል ይሆናል፤ 40 ከዚያ ስለሚበልጥ አፈሩ ሲኤች፣ ማለትም ከፍተኛ ፕላስቲሲቲ ያለው ሸክላ ነው። ጠጠርና አሸዋ ላይ ደቃቁ ከ5 እስከ 12 በመቶ ሲሆን ሁለት ስም በአንድነት ይሰጣል፤ ይህ የላብራቶሪው ማመንታት ሳይሆን ደንቡ ነው።

አሽቶ ለምን ሌላ ስም ይሰጣል? ሁለቱ ሲጋጩስ የትኛው ይያዛል?

አሽቶ (የአሜሪካ ክፍላተ ግዛት የመንገድና ትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ምደባ) የተሠራው ለመንገድ ብቻ ስለሆነ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ አፈር ከአስፋልት ሥር ሲሆን ምን ያህል ይታመናል? ከኤ-1 እስከ ኤ-7 ይመድባል፤ ቁጥሩ ሲጨምር በአብዛኛው ጥራቱ ይቀንሳል። መጨረሻ ላይ በቅንፍ የሚጻፈው የቡድን ኢንዴክስ ነው። ከላይ ያየነው ሲኤች 82 በመቶው በ0.075 የሚያልፍ ቢሆን በአሽቶ ኤ-7-6 (36) ይሆናል። ዜሮ ጥሩ ነው፤ 36 ማለት ተቆርጦ ይውጣ ወይም በኖራ ይታከም ወደሚል ውሳኔ የሚገፋ ነው።

ግጭት የሚመስለው ድንበራቸው ስለሚለያይ ነው። ዩኒፋይድ ደቃቅ የሚለው ከ50 በመቶ ጀምሮ ነው፤ አሽቶ ከ35 በመቶ በላይ። 40 በመቶ ደቃቅ ያለው አፈር በአንዱ ሸክላማ አሸዋ፣ በሌላው ከሸክላዎቹ ወገን ኤ-6 ሊባል ይችላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ለመንገድ ዝርዝር መግለጫው የሚጠራውን፣ ለመሠረትና ለግድብ ዩኒፋይድን መያዝ የተለመደ ነው።

ውሃ እየጨመርን ስንጠቀጥቅ እፍግታው ከፍ ብሎ ተመልሶ የሚወርደው ለምንድን ነው?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ራልፍ ፕሮክተር በ1933 ያሳተመው ግኝት ይህ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ምቱን ይቋቋማሉ፤ ውሃ ሲገባ ይለሰልሱና ይቀራረባሉ። ከአንድ ነጥብ በኋላ ግን የተጨመረው ውሃ የቅንጣት ቦታ መያዝ ይጀምራል፤ በምቱ ቅጽበት ሊወጣ ስለማይችል ደረቅ እፍግታው ይወርዳል። ሳይት ላይ ይህ በዓይን ይታያል፦ ሮለሩ ሲያልፍ መሬቱ ከፊቱ እያበጠ ከኋላው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ደጋግሞ መዳመጥ ነዳጅ ማባከን ነው።

በመደበኛው የፕሮክተር ፈተና 2.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ305 ሚሊ ሜትር ከፍታ በ3 ንብርብር 25 ጊዜ ይመታል። በተሻሻለው 4.54 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ457 ሚሊ ሜትር በ5 ንብርብር ይወርዳል፤ ጉልበቱ 4 እጥፍ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ የሳይቱ እፍግታ ከላብራቶሪው ከፍተኛ እፍግታ «95 በመቶ» ይሁን የሚል ውል የየትኛው ፕሮክተር 95 እንደሆነ ካልተናገረ ጠብ ማስነሳቱ አይቀርም።

የሳይት ጥቅጠቃ ውጤት 104 በመቶ መጣ። እንዴት ከ100 ያልፋል?

100 የላብራቶሪው ጉልበት ውጤት እንጂ የተፈጥሮ ጣሪያ አይደለም። ከባድ ሮለር ከመደበኛው ፕሮክተር በላይ ሊጠቀጥቅ ይችላል፤ ስለዚህ 101 ወይም 102 ቢመጣ አያስደነግጥም። 104 ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ንጽጽሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሙሌቱ የመጣበት ቦታ ተለውጦ ፕሮክተሩ የድሮው ሆኖ ይገኛል። ወይም እፍግታውን ለመለካት በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ላብራቶሪ ላይ በወንፊት ተለይቶ የወጣ ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋይ ከአፈር ስለሚከብድ ቁጥሩን ያነሳል።

እውነተኛው ጣሪያ አየር የሌለበት መስመር ነው። የቅንጣቱ አንጻራዊ እፍግታ 2.70፣ እርጥበቱ 16 በመቶ ከሆነ፣ 2.70 ለ1.432 ተካፍሎ በሜትር ኩብ 1.89 ቶን ያህል ይሆናል። በዚያ እርጥበት 1.95 የሚል ውጤት ከቀረበ ማንም ቢፈርምበት ሊሆን አይችልም። የጉድጓዱ ይዘት በአሸዋ መሙላት ዘዴ ሲለካ ደግሞ ሮለሩና ገልባጭ መኪናው ከአካባቢው ይቁሙ። ንዝረቱ አሸዋውን ስለሚያደላድለው ጉድጓዱ ብዙ አሸዋ ይጠጣል፣ ትልቅ መስሎ ይታያል፣ እፍግታውም ካለው ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ሲቢአር ለምን 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይቀመጣል?

ሲቢአር (የካሊፎርኒያ የመሸከም ንጽጽር) ከመንገድ ሥር ያለ አፈር የመሸከም አቅም መለኪያ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚቀመጠው የመንገድ አልጋ በሕይወቱ ሊያገኘው የሚችለውን ክፉ ቀን ለመምሰል ነው። ከ4 ቀኑ በኋላ ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ዘንግ በደቂቃ 1.27 ሚሊ ሜትር እየገባ ጭነቱ ይነበባል፤ 2.54 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው ጭነት ከመመዘኛው ጭነት ከ13.34 ኪሎ ኒውተን ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። 0.8 ኪሎ ኒውተን ከተነበበ ሲቢአሩ 6 ነው። በውሃ ቆይታው ናሙናው ያበጠው መጠንም ይመዘገባል። ብዙ ሰው ሲቢአሩን አንብቦ የማበጡን ቁጥር ያልፈዋል፤ በሚያብጥ ሸክላ ላይ መንገዱን የሚሰነጣጥቀው ግን እሱ ነው።

ተቆፍሮ በማዳበሪያ የመጣ ናሙና ለሁሉም ፈተና ይበቃል?

ለምደባ፣ ለፕሮክተር፣ ለሲቢአር ይበቃል፤ እነዚህ አፈሩን ፈጭተው አቡክተው የሚሠሩ ናቸው። ጥንካሬና መስመጥ ለማወቅ ግን ተፈጥሯዊ አቀማመጡ ያልተነካ፣ በቱቦ ወጥቶ በሰም የታሸገ ናሙና ያስፈልጋል። ንጹሕ አሸዋን ሳይነካኩ ማውጣት ስለማይቻል እዚያ የሚያዋጣው በጉድጓዱ ውስጥ መለካት ነው። በተለመደው ፈተና 63.5 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ760 ሚሊ ሜትር እየወደቀ ቱቦውን 450 ሚሊ ሜትር ይሰዳል። የመጀመሪያው 150 በቁፋሮው የተረበሸ ስለሆነ አይቆጠርም፤ የቀረው 300 የፈጀው ምት ይመዘገባል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንድ ድቡልቡል ድንጋይ የቱቦውን አፍ ከዘጋ ምቱ በሐሰት ይንራል። በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ ከከርሰ ምድር ውሃው ዝቅ ካለ ደግሞ አሸዋው ከሥር እየፈላ ይለሰልስና ምቱ በሐሰት ይወርዳል።

አንድ ሸክላ ስንት ጥንካሬ አለው? ሁለት ቁጥር የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ጥያቄው «በምን ያህል ፍጥነት ሲጫን?» የሚል መጨመሪያ ይፈልጋል። መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ በ1920ዎቹ ያሳየው፣ አፈርን የሚሸከመው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ግፊት እንጂ ጠቅላላው ጭነት አለመሆኑን ነው። ሸክላ ላይ ቶሎ ሲጫን ውሃው ለመውጣት ጊዜ ስለሌለው ጭነቱን መጀመሪያ ውሃው ይይዘዋል። ለስላሳ መሬት ላይ የሚከመር ሙሌት አደገኛው ቀኑ ያለቀበት ዕለት የሆነው ለዚህ ነው፤ ውሃው እየወጣ ሲሄድ መሬቱ ይጠነክራል። በተቆረጠ ተዳፋት ላይ ተቃራኒው ነው፦ ሲቆረጥ ይቆማል፣ ሸክላው ቀስ እያለ ውሃ ሲስብ ይዳከማል፣ ከዓመታት በኋላ ሊናድ ይችላል። ላብራቶሪው ፈጣንና ዘገምተኛ ፈተና ለይቶ የሚሠራው እነዚህን ሁለት ጊዜያት ለመያዝ ነው፤ ለተዳፋት ፈጣኑን ብቻ ማዘዝ ብር ለመቆጠብ ተብሎ የሚሠራ ከባድ ጥፋት ነው።

አንድ ናሙና ሁለት ላብራቶሪ ገብቶ የተለያየ ውጤት የሚወጣው ለምንድን ነው?

ከሰው እጅና ከመሣሪያ ልዩነት ሌላ ትልቁ ምክንያት አዘገጃጀቱ ነው። አንዱ አፈሩን በተፈጥሮ እርጥበቱ ይጀምራል፣ ሌላው ኦቨን ውስጥ አድርቆ ይፈጫል። ለብዙ አፈር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በሞቃት ዝናባማ አካባቢ የተፈጠሩ ቀያይ አፈሮችና ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጡት ግን ከደረቁ በኋላ ቅንጣታቸው ተጣብቆ ስለሚቀር ሸክላው ደለል ወይም አሸዋ መስሎ ይወጣል። የዕፅዋት ቅሪት መኖሩ የሚረጋገጠውም በዚሁ ነው፦ በኦቨን የደረቀው አፈር ሊኩዊድ ሊሚት ካልደረቀው ከ75 በመቶ በታች ከወረደ አፈሩ በኦ ይመደባል። ውጤቶች ሲለያዩ አማካይ ከመውሰድ በፊት ናሙናው እንዴት እንደደረቀ መጠየቅ ይቀድማል።

ምልክታቸው አንድ የሆነ ሁለት አፈሮች ሥራ ላይ ለምን ይለያያሉ?

ምደባው የሚሠራው በተቦካ አፈር ላይ ስለሆነ መሬት ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ አያውቅም። በኖርዌይ፣ በስዊድንና በካናዳ ያለው ፈጣን ሸክላ ምሳሌ ነው። ሸክላው በጨው ባሕር ውስጥ ተከማችቶ መሬቱ ከባሕር ከፍ ካለ በኋላ ጨውን የዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ አጥቦ ወሰደው፤ የተፈጥሮ እርጥበቱ ከሊኩዊድ ሊሚቱ በልጦ እያለ አወቃቀሩ ብቻ አቁሞታል። ከተነካ ይፈሳል። በ1978 በኖርዌይ ሪሳ የተከሰተው ናዳ የተጀመረው ለጎተራ መሠረት ተቆፍሮ በሐይቁ ዳር በተከመረ አፈር ነው። ምልክቱ ሲኤል የሚል ተራ ሸክላ ሊሆን ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው ያለው እርጥበቱ ከሊሚቶቹ ጋር ሲነጻጸር ነው።

ነፋስ ያመጣው ልል ደለልም እንዲሁ ነው፤ ደረቅ ሳለ ቁልቁል ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ውሃ ሲጠጣ ጭነት ሳይጨመርበት ይሰምጣል። ሦስተኛው በውሃ የሚበተን ሸክላ ነው። ሶዲየም ስለበዛበት ቅንጣቶቹ ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ እንኳ ይለያያሉ፤ በዚህ የተሠራ የአፈር ግድብ በቀጭን ስንጥቅ በኩል ከውስጥ ተቦርቡሮ ሊፈርስ ይችላል። ወንፊትም አተርበርግም አይለዩትም። የሚለየው ቀላል ሙከራ አንዲት ጓል ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ሳይነካኩ ማየት ነው፦ ተራው ሸክላ ፈርሶ ሥሩ ይከመራል፤ የሚበተነው ከሆነ በጓሏ ዙሪያ ደመና ይነሳና ውሃው ደፍርሶ ይቀራል። ደመና ከታየ፣ አፈሩ ለግድብ ከመታዘዙ በፊት በቀዳዳ ውሃ የሚያሳልፈው የላብራቶሪ ፈተና ይጠየቅ።